በውድ

ማሪኪና፣ ወንዙ ዳር፣ ጫማ ከሚሰፋበት፣
ሚስቴ ኢርሊንዳ ሶል ስትለጥፍ አሥራ አንድ ዓመት፣
ከደመወዟ ላይ በየወሩ ሲቆርጡ፣
«ለጡረታሽ ነው» እያሉ ብጣሽ ወረቀት ሲሰጡ፣
አንድም ቀን አልጠየቀች። ማን ይጠይቃል በሥራ ሰዓት፣
ሙጫ በያዘው ጣት?

ፋብሪካው ተዘጋ።
ባለቤቱ ማሽኑን ጭኖ በሌሊት ወዴት እንደሁ ሄደ፤
እሷም መቀሷን በፌስታል ይዛ መጣች፤ ቀኑም ነጎደ።

በሳምንቱ ቢሮ ሄዳ፣ ቆማ ከመስኮቱ ሥር፣
«ስንት ወር አለኝ?» አለች። ልጅቷ አየች ከኮምፒውተር።
«ዘጠና ሰባት።»
«መቶ ሠላሳ ሁለት ነው እንጂ! ያውም የላብ፣ ያውም የእሳት!»
የተቆረጠው ሌላ፣ የገባው ሌላ፤
ሠላሳ አምስቱን ወር ባለፋብሪካው በላ።

ለጡረታ የሚያበቃው መቶ ሃያ ነው።
«ሥራ ለለቀቀ ሰውም» አለች ልጅቷ፣ «መንገድ አለው፤
የጎደለውን ራስሽ ትሞያለሽ። ግድ የለም፤ በውድ ነው።»

ቤት መጥታ ነገረችኝ። ሳቅሁባት፣ ያውም ከሆዴ፣
ሞተሬን ስወለውል፣ ግሪስ ለብሶ ክንዴ፦
«መንግሥት በግድ ሲወስድ እንኳ ያማል፤
አንቺ በውድ ልትሰጪ? ይህን ማን ይሰማል?
ከእጅ ወደ አፍ ነን፤ አፍም አንዳንዴ ይቀድማል።
የሞተሩ ጎማ አልቆ ሽቦው ሲታይ
ለእርጅና ከአሁኑ ወንበር ይሳባል ወይ?»

አልመለሰችልኝም። ልብስ ማጥበብ ያዘች፣ ዚፕ መቀየር፣
የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም ማሳጠር፤
ለእራት ሩዝ ስትሰፍር
አንድ እፍኝ ወደ ጆንያው ትመልስ ነበር።
በየሦስት ወሩ ተበጥራ፣ ጫማዋን ወልውላ፣
ከፍላ ትመጣለች፤ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልላ
ብስኩት ከነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ትከተዋለች።

ያንን ቆርቆሮ እኔ «የመንግሥት ሆድ» አልሁት፤
እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየሁ ሳቅሁበት።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሲጥል ወንዙ ሞልቶ ወጣ፤
በሌሊት፣ ጭቃ ለብሶ፣ ሳያንኳኳ ቤታችን መጣ።
ጉልበቴ። ወገቤ። ደረቴ።
ሞተሬ እንደ ሰከረ በሬ ተንሳፍፎ ሲሄድ አየሁት፤
ሰው ይመስል፣ አትሂድ ብዬ ጠራሁት።
ኢርሊንዳ ልብስ አላለች፣ ቴሌቪዥን አላለች፤
«ቆርቆሮውን ያዝልኝ!» ብላ ጣሪያው ላይ ተንጠላጠለች።
ያዝሁት። ሌሊቱን ሙሉ፣ አናቴ ላይ፣ በሁለት እጄ፣
ያንኑ የሳቅሁበትን፣ እንደ አራስ ልጄ።

ሲነጋ ከፈተችው። ደረቅ ነው።
«መቶ ስድስት» አለች፤ «አሥራ አራት ቀረኝ።»
«ቢጠፋስ» አልኋት፣ «ኮምፒውተሩ ያውቀው የለም?»
«ሠላሳ አምስቱንስ መቼ አወቀው?» አለችኝ።

ባለፈው ሰኞ ትኩሳት ያዛት። ሄድሁ በእሷ ፈንታ፤
ኪሴ በሳንቲም ተወጥሮ፣ ሰልፉ ሲጓዝ በዝግታ።
«የክፍያው ዓይነት» ይላል ቅጹ፤ ሣጥን ሣጥን አለው።
«በውድ» የሚለውን ስነካ
እጄ ለምን እንደከበደኝ ገባኝ፤ ቃሉ አልዋሸም ለካ፤
ስንት ዚፕ ነው፣ ስንት የተመለሰ እፍኝ ሩዝ ነው!
እርጅና ብቻህን ና ይሉታል፤ እሱ መች ብቻውን ያውቃል፣
ከነጓዙ ነው የሚመጣው፤ ደጅ ላይም ወንበር ይጠይቃል።

«ሌላ አለ?» አለች ልጅቷ፣ ደረሰኙን ቀድዳ።
«ኔስቶር ካባንግ» አልኋት፤ «እኔ ነኝ። ያኔ፣ በልጅነቴ፣
ሳሙና ፋብሪካ ሠርቼ ነበር። እስቲ ስንት ወር አለኝ?»
ፈለገች። ቆየች።
«ሦስት።»

ሳቅሁ። ኢርሊንዳ ብትሰማኝ ታውቀው ነበር፣
ይኼኛው ሳቅ ከሆድ አልነበረም።
ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ። ኪሴን ዳበስሁ፤
የቀረችው የቤንዚኑ ናት።
«ለአራተኛው» አልኋት፣ «ስንት ነው?»